ዘመኑ ማን ነው? ከወልድያ ደጋ እስከ መርሳ ሜዳ

በ2012 ዓ.ም. በጥር ወር፣ የጥምቀት በዓል ባለፈ በሳምንቱ፣ ከወልድያ ተነሥቼ በድልብ በኩል ወደ ደጋው ወጣሁ። መንገዱ ቻይናዎች የሠሩት፣ ወልድያን ከወረታ ጋር የሚያገናኘው ነው። ከተማውን እንደ ለቀቀ ተራራውን እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ በወልድያ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ የተሳፈረ መንገደኛም ከላይ ሲደርስ እስከ ጆሮው ተከናንቦ ራሱን ያገኘዋል።

የሄድኩበት ጉዳይ ቀላል ነበረ። ቀድሞ ያስተማርኩት አንድ ልጅ እናቱን አይቼለት እንድመለስ አደራ ብሎኝ ነው። እኒህ እናት ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚተዳደሩት በጥቂት የገብስ ማሳና በሰባት እናት በጎች ነው። በጎቹ የዚያው ደጋ ዘር ናቸው፤ ጥቁር፣ አጭር፣ ጠጉረ ረዥም። ጠጉሩ ተሸልቶና ተፈትሎ ባና ይሠራበታል። ከሰባቱ አምስቱ አርግዘው ነበር።

ተቀምጬ ቡናው ሳይፈላ፣ «የኔታ፣ ዘመኑ ማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ዮሐንስ ነው፣ እማማ።»

«ይኸው፤ ብለው ነበር እኮ» አሉና ዝም አሉ።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። በመንደሩ ዘመነ ዮሐንስ ዝናም የሚነፍግ ዘመን ነው ተብሎ ይፈራል። ስለዚህ ልጃቸው ከፋሲካ በፊት ሦስቱን እርጉዝ በጎች እንዲሸጡ መክሮአቸዋል። ቢሸጡ ገንዘቡ ለጥቂት ወራት እህል ይሆናል፤ መንጋው ግን ያልቃል። ሳይሸጡ ቢቀሩና በልግ ቢያጥር ደግሞ የእናቲቱ ጡት ይደርቃል፣ ግልገሉ ይሞታል፣ እናቲቱም ተጎሳቁላ ገበያ የማትወጣ ትሆናለች። ከክረምት በኋላ በጠገበ ሣር ላይ የተጠቃች በግ የምትወልደው ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነውና፣ የግልገሉ ዕድል በበልግ ዝናም እጅ ነው። እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ በእሳት ዳር ስለ ደመና የሚወራው ወሬ ጊዜ ማሳለፊያ እንዳይመስልህ።

እኔም የባሕረ ሐሳብ ትምህርቴን ለማሳየት (ትንሽ መመካትም ነበረበት) ወረቀት አውጥቼ ማስላት ጀመርኩ። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደመርና ለ4 ይካፈላል፤ 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። በዚያ የታላቁ ረኀብ መነሻ የሆነውን፣ ክረምቱ የቀረበትን 1976 ዓ.ም. አሰላሁ፤ ዮሐንስ ሆነ። የወሎን ሕዝብ ለ1965 ረኀብ ያደረሰውን የ1964 ክረምት አሰላሁ፤ ይህም ዮሐንስ ሆነ። ቤቱ ውስጥ የነበሩት ጎረቤቶች አንገታቸውን ነቀነቁ፤ እኔም ራሴ ደንገጥ አልኩ።

ነገር ግን የመምህርነት ልማዴ ሆኖ ሂሳቡን በሁለት ምሳሌ መዝጋት አልወደድኩም። ዝናም ጠፍቶ በወሎ ረኀብ የገባበት 1957 ዓ.ም. ማቴዎስ ነው። ብርቱው የ2007 ድርቅ በሉቃስ ነው የደረሰው። 1988 ደግሞ ዮሐንስ ሲሆን የዚያ ዓመት ክረምት በሀገሪቱ መልካም አዝመራ የሰጠ ነበረ። በ1964ም ሆነ በ2007 የታየው አንድ ምክንያት ሌላ ነው፤ በሰላማዊው ውቅያኖስ በምድር ወገብ አጠገብ ያለው ውሃ ከልኩ በላይ ሲሞቅ፣ ሊቃውንቱ ኤል ኒኞ የሚሉት ነገር ሲመጣ፣ የሰሜን ኢትዮጵያ ክረምት ብዙ ጊዜ ያንሳል። ወንጌላውያኑ ዘመን ይቈጠርባቸዋል እንጂ ዝናም አይከለክሉም። ሞራ ያስነበቡ ጎረቤቶችም እንዳሉ ሰምቻለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን የማትፈቅደው ስለ ሆነ አልፈዋለሁ።

ይህን ሁሉ ተናግሬ ስጨርስ በጥግ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ «የኔታ፣ መልካም ብለዋል። እንግዲያስ ወንጌላዊውን እንተወውና ጭዱን እንየው» አሉ። ተነሥተን ወጣን። የገብሱን ጭድና ከክረምት የተረፈውን ድርቆሽ አዩ፤ የበጎቹን ወገብ በእጃቸው ዳሰሱ፤ ጥርሳቸውን ገልጠው ተመለከቱ። ከዚያም ጥርሷ ያለቀው አንዲት በግና መካኗ ትሸጥ፣ አምስቱ ይቀመጡ፣ ለእነርሱ እስከ መጋቢት አጋማሽ የሚበቃ መኖ አለ ብለው ፈረዱ። የምትሸጠው በግ ካላረገዙት ሁለቱ አንዷ ነበረች፤ መካኗም ሁለተኛዋ። እኔ በወረቀት ያልደረስኩበትን እርሳቸው በመዳፋቸው ደረሱበት።

አንድ ነገር ግን አስተምሬ መጣሁ። በግ የምታረግዘው አምስት ወር፣ 150 ቀን ያህል ነው። የእኛ ወር ሠላሳ ቀን ስለ ሆነ ቍጥሩ ራሱ ይመጣል፤ በመስቀል ዕለት፣ መስከረም 17 የተጠቃች በግ የካቲት 17 አካባቢ ትወልዳለች። መካከሉ ላይ ጳጉሜን ከገባች ብቻ ቀኗን መቀነስ ያስፈልጋል። ቀኑን ያወቀ ሰው እናቲቱን በዚያ ሳምንት ሩቅ አያሰማራም፤ ሌሊቱንም ጉረኖው ውስጥ ያሳድራታል። በደጋ ግልገልን የሚገድለው ከቀበሮ ይልቅ የመጀመሪያው ሌሊት ብርድ ነው። ግልገሉ ወዲያው በጭድ ታሽቶ ደርቆ፣ እንገሩን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከጠባ ግን ውርጩን ይችለዋል።

በማግሥቱ ወርጄ በሲሪንቃ በኩል ወደ ሀብሩ አመራሁ። በሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ ከደቡብ አፍሪካ የመጣው ዶርፐር የተባለ በግ ቱመሌ ከሚሉት ከአካባቢው በግ ጋር የተዳቀለበት ነው። መርሳ ላይ ያገኘሁት አንድ ባለ በግ ዲቃላውን አሳየኝ፤ ሥጋው ሙሉ፣ ጠጉሩ አጭር ነው። «ይወፍራል፤ ግን አፉም እንደ ወገቡ ነው» አለኝ።

በመርሳ የብርዱ ወሬ የለም። መስኖ ባለበት ማንጎና ብርቱካን ይታያል፤ በጎቹ በማሽላ አገዳና በቃርሚያ ይኖራሉ፤ የሚፈራው የውሃና የመኖ እጥረት ነው። አንድ ሼህ በዋርካ ጥላ ሥር ተቀምጠው ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አፋር በኩል ይመለከቱ ነበር። የበልግ እርጥበት ከህንድ ውቅያኖስ በኩል ስለሚመጣ ዐይናቸው የተሳሳተ ቦታ አልነበረም። ስለ ደጋዋ እናት ነገርኳቸው። «አብሽር፣ መምህር፤ ደመናው እየተነሣ ነው። እናንተ ምህላችሁን፣ እኛም ዱዓችንን» አሉኝ።

ዐቢይ ጾም የካቲት 16 ገባ። በልጁ ስልክ እንደ ሰማሁት በልጉ ደኅና ዘነመ፤ አምስቱም ወለዱ፤ አንዱ ግልገል በአንድ የብርድ ሌሊት ሞተ፣ አራቱ አደጉ። ዘመነ ዮሐንስ አልነካቸውም። በጎቹን የወሰዳቸው በ2013 መጨረሻ ወደ ወልድያ የደረሰው ጦርነት ነው፤ እርሳቸው ሸሽተው ሲመለሱ በረቱ ባዶ ነበረ።

በ2017 ዓ.ም. በጥር መንገዱ ሲመች ዳግመኛ ወጣሁ። ሁለት እናት በጎች አገኘሁ፤ የራሳቸው አይደሉም፣ ከጎረቤት በርቢ የተቀበሏቸው ናቸው፤ የሚወለደውን ይካፈላሉ። ቡናው ሳይፈላ፣ «ዘመኑ ማን ነው፣ የኔታ?» አሉኝ።

«ማቴዎስ ነው፣ እማማ።»

«ይሁን» አሉና ሳቁ፤ ከዚያም ወደ አንደኛዋ እየጠቆሙ፣ «ይቺ የተጠቃችው ከመስቀል ማግሥት ነው። ቈጥረው ይንገሩኝ» አሉ።

የካቲት 18 ነው አልኳቸው። ግድግዳው ላይ በከሰል ምልክት አደረጉበት።