ኮምፒውተራችንን ያደስሁበት ቀን

ሰው ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከስሕተቱም እንደሚማር ብዙ ጊዜ ተነግሮናል። እኔም በዚህ ዓመት ከራሴ ስሕተት ያገኘሁትን ትምህርት፣ ጓደኞቼን ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ እጽፈዋለሁ።

አባቴ የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ናቸው። የአባላቱ ስም፣ የወር መዋጯቸውና ውዝፋቸው ከብዙ ዓመት ጀምሮ በቤታችን ኮምፒውተር ተመዝግቦ ይኖራል። ኮምፒውተሩ የሚሠራበት ዊንዶውስ 10 የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማብቃቱን ስሰማ፣ ወደ ዊንዶውስ 11 ልለውጠው ቆረጥሁ። አባቴም «ልጄ፣ መዝገቡን አደራ» ቢሉኝ፣ «አባባ፣ አያስቡ፤ ዐውቀዋለሁ» አልኋቸው። እውነቱን ለመናገር ግን ከዕውቀቴ ድፍረቴ ይበልጥ ነበር።

በኅዳር ወር አንድ ቅዳሜ ጧት ሥራውን ጀመርሁ። መዝገቡ «ዲ» በተባለው የዲስክ ክፍል ስለ ነበረ፣ «ሲ» የተባለውን ክፍል ፈጽሜ አጥፍቼ አዲሱን ሲስተም ጫንሁ። ሌላ ቅጂ ግን አላስቀመጥሁም። ኮምፒውተሩ አዲስ መልክ ይዞ ሲከፈት እጅግ ደስ አለኝ፤ ዳሩ ግን ደስታዬ አልቆየም። በመጀመሪያ ድምፁ ጠፋ። ቀጥሎም አሮጌው ፕሪንተራችን አልታዘዝም አለ፤ ድራይቨሩ፣ ማለት ፕሪንተሩን ከሲስተሙ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም፣ ለአዲሱ የሚስማማ አልነበረም። በመጨረሻ መዝገቡን ብከፍት፣ በአማርኛው ፈንታ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ተደርድሮ አገኘሁ። የብሩ ልክ ይነበባል፤ የማን እንደ ሆነ ግን አይታወቅም።

በዚያው ማታ ከሰፈራችን ልቅሶ ተሰማ። አንድ የዕድሩ አባል ዐርፈው ኖሯል። የዕድሩ ዳኛ ወዲያው መጥተው መዝገቡን ጠየቁ። መብራት ጠፍቷል ብዬ እንዳላመካኝ መብራቱ በርቷል። ስለዚህ ጥፋቴን በዳኛው ፊት ተናገርሁ። አባቴ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ በል እንግዲህ ልቀም» ብቻ አሉኝ። ለሐዘንተኞቹ የሚገባው ገንዘብም በእርሳቸውና በዳኛው ቃል ተከፈለ። ከቁጣ ይልቅ ይህ ነገር ይበልጥ አሳፈረኝ።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ በሰፈራችን የጽሕፈት ሥራ ወደሚሠሩ አንዲት ሴት ሱቅ ሄድሁ። እርሳቸውም አይተው፣ «ጽሑፉ አልጠፋም፤ የጠፋው ፎንቱ ነው» አሉኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ፊደልን የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው። መዝገባችን የተጻፈበት የድሮ ፎንት የላቲን ፊደላትን ቁጥር ተውሶ፣ በዚያ ላይ የአማርኛውን መልክ ይሥል ነበር። ፎንቱ ከ«ሲ» ጋር ሲጠፋ፣ ቁጥሩ ወደ ላቲን መልኩ ተመለሰ። ዩኒኮድ ግን እ.ኤ.አ. በ1999 ለፊደላችን የራሱን ቁጥር ሰጥቶታል፤ ለምሳሌ የ«ሀ» ቁጥር 4608 ነው። በዚህ መንገድ የተጻፈ አማርኛ ፎንቱ ቢለወጥ እንኳ ወደ ላቲን አይገለበጥም።

ሴትዮዋ የድሮውን ፎንት በፍላሽ ገልብጠው ሰጡኝ። በጫንሁት ጊዜ ስሞቹ ሁሉ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ማታ ማታ አባቴ እያነበቡልኝ መዝገቡን በዩኒኮድ እንደገና ጻፍሁት። ወደ ሟቹ ስም ስንደርስ አባቴ ማንበባቸውን አቆሙ፤ እኔም ቀና ብዬ ላያቸው አልደፈርሁም። እስከዚያ ቀን ድረስ መዝገቡ ለእኔ ፋይል ብቻ ነበር። ፕሪንተሩ ግን እስከ ዛሬ አልታረቀንም፤ የምናትመው ከሴትዮዋ ሱቅ ነው።

ጓደኞቼ ሆይ፣ ኮምፒውተር ማደስ መልካም ነው። ነገር ግን አስቀድማችሁ ፋይላችሁን በሌላ ቦታ ገልብጡ፤ የፕሪንተራችሁ ድራይቨር ለአዲሱ ሲስተም መኖሩን አረጋግጡ፤ ፎንታችሁንም አብራችሁ አስቀምጡ። ከሁሉ በላይ ግን፣ የማታውቁትን ዐውቃለሁ አትበሉ።