«ሁሉም ተነስተዋል» ያለው ማነው?

የወደቁ ሰርቪሶችን ለማስነሳት ተብሎ ዛሬ በመሃላችን ሲዘዋወር የዋለውን ስክሪፕት መቼም ሁላችሁም አይታችሁታል። የሰርቨሮቹን ስም ከፋይል ያነባል፣ በየተራ በኤስኤስኤች ይገባል፣ «ሲስተምሲቲኤል ስታርት» ይልና መጨረሻ ላይ «ሁሉም ተነስተዋል» ብሎ ይጽፋል። የጻፈው ልጅ እጁ ይባረክ፣ ድካም የሚቀንስ ነገር ነው። ያቺን የመጨረሻ መስመር ግን ልቀበላት አልቻልኩም። ስክሪፕቱ ያየው ትእዛዙ ያለ ስህተት መመለሱን ብቻ ነው፤ ሰርቪሱ መሥራቱን አላየም። በዩኒት ፋይሉ ላይ ታይፑ «ሲምፕል» ከሆነ ሲስተምዲ ፕሮሰሱን እንዳስነሳ ወዲያው ተሳክቷል ይላል። ፕሮግራሙ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ዳታቤዙን አጥቶ ቢወድቅ ትእዛዙ አያውቅም። «ኖቲፋይ» ሲሆን ግን ፕሮግራሙ ራሱ ዝግጁ ነኝ እስኪል ይጠበቃል። ሼርፖይንት ላይም ያው ነው፤ ሰርቪሱን በፓወርሼል ታስነሳላችሁ፣ ትእዛዙ ይመለሳል፣ ሁኔታውን ስትጠይቁት ገና «ፕሮቪዥኒንግ» ላይ ነው።

«ለዚህ ሞኒተሪንግ አለን» የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ። ሞኒተሪንጉ የት ነው የተቀመጠው? ይሄ ነገር ሁሌም ያንገበግበኛል። ዳሽቦርዱን ከሚጠብቃቸው ሰርቨሮች ጋር አንድ ዳታቤዝ፣ አንድ ስቶሬጅ ያጋሩታል፤ እነሱ ሲወድቁ አብሮ ይወድቃል። ትልልቆቹም አላመለጡም። በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2017 የአማዞን የክላውድ ማከማቻ ኤስ ስሪ በሰሜን ቨርጂኒያ ሲቋረጥ፣ የአገልግሎቶቹን ሁኔታ የሚያሳውቀው ገጽ ማስተዳደሪያ ራሱ ኤስ ስሪ ላይ የተደገፈ ስለነበር የእያንዳንዱን አገልግሎት ሁኔታ ለጊዜው ማደስ አልተቻለም፤ ድርጅቱ ለደንበኞቹ የተናገረው በትዊተርና በገጹ ባነር ጽሑፍ ነበር። መስኮት ፊት ተሰልፎ «ሲስተም የለም» የሚባለው ሰው የኛ ዳሽቦርድ አረንጓዴ ቢሆን ምን ይፈይድለታል? ፍተሻው ከውጭ፣ ተጠቃሚው በሚመጣበት መንገድ መምጣት አለበት። ፖርቱ መከፈቱን አይቶ መመለስ አይበቃም፤ ሎግኢን አድርጎ እውነተኛ ጥያቄ ይጠይቅ፣ መልሱንም ያንብብ።

ሌላው ተቃውሞ ጠንከር ያለ ነው፦ ሁሉም ነገር ወድቆ፣ ስልክ እየጮኸ፣ ማን ቆሞ ያጣራል? ጥድፊያው ግን መቋረጡን ያራዝመዋል። መቶ ሰርቨር በአንዴ ሲነሳ ሁሉም እኩል ዳታቤዙ ላይ ይረባረባሉ፣ ኮኔክሽኑ ያልቃል፣ ገና ያገገመው ዳታቤዝ ተመልሶ ይተኛል። አማዞን ላይ የዚያን ቀን መነሻው አንድ ትእዛዝ ላይ የገባ ስህተት ነው፤ ከታሰበው በላይ ሰርቨሮች ከሥራ ወጡ። ሙሉ በሙሉ ለመመለስ ግን ከ4 ሰዓት በላይ ፈጀ፤ ኤስ ስሪ እጅግ አድጎ ሳለ የተነኩት ክፍሎች ለብዙ ዓመታት ሙሉ ሪስታርት ተደርገው አያውቁም ነበር። ኋላ ላይ መሣሪያው ሰርቨሮችን ቀስ ብሎ እንዲያወጣ አደረጉት፣ ከዝቅተኛው አቅም በታች እንዳይወርድም ገደብ አበጁለት። ለኛ ደግሞ አንሲብል ውስጥ ሥራውን በጥቂት በጥቂት ሰርቨር ከፋፍላ የምታስኬድ «ሲሪያል» የምትባል አንዲት መስመር አለች። ዳታቤዙ ይቅደም፣ ካሹ ይከተል፣ አፕሊኬሽን ሰርቨሮቹ በጥቂት በጥቂቱ ይነሱ፤ የመጀመሪያዎቹ ፍተሻውን ካላለፉ ቀጣዮቹ አይነኩ። ይሄ በወደቀ ቀን የሚሞከር ነገር አይደለም። የሚቀጥለውን የጥገና ፕሮግራም ስታወጡ ሙሉ ማጥፋትና ማስነሳትን አስገቡበት፣ ስንት ሰዓት እንደፈጀም መዝግቡ።