ደም ጠጪዎቹ አዳሪ ተማሪዎች

አሜሪካዊቷ ደራሲ ሪሼል ሚድ እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣችው «ቫምፓየር አካዳሚ» ታሪኩ የሚካሄደው ሞንታና ውስጥ ባለ ቅዱስ ቭላድሚር በተባለ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ሌሊቱ የትምህርት ሰዓት ነው። ሞሮይ የሚባሉት ደም ጠጪዎች አስማት ይማራሉ፤ ዳምፊር የሚባሉት የሰውና የቫምፓየር ክልሶች ደግሞ እነሱን ስትሪጎይ ከሚባሉት የማይሞቱ ቫምፓየሮች ለመጠበቅ ውጊያ ይሠለጥናሉ።

እኔ አብልጬ የምወደው የዳምፊሯን የሮዝንና የሞሮይዋን የሊሳን ጓደኝነት ነው። ከትምህርት ቤቱ ጠፍተው በኖሩበት ጊዜ ሊሳ ደም ሲያምራት ሮዝ አንገቷን ትሰጣታለች። ይህ ለዳምፊር ሴት ትልቅ ነውር ነው፤ ስሟን ያጠፋል። ሮዝ ይህን እያወቀች ታደርገዋለች። ሲመለሱም ወሬው መላውን ግቢ ያዳርሳል። አዳሪ ተማሪ ከሐሜት የት ይሸሻል? ሐሜተኞቹ በክፍልም በመኝታ ቤትም እዚያው ናቸው፤ እናት ጋ ገብቶ ማልቀስ የለም። ያለችው ጓደኛ ብቻ ናት።

የሮዝና የአሠልጣኟ የዲሚትሪ ፍቅር ግን አይዋጥልኝም፤ እሷ 17፣ እሱ 24 ዓመታቸው ነው፤ እሱ ደግሞ መምህሯ ነው።

ልጃችሁ ይህን መጽሐፍ ስታነብ ካያችኋት አትንጠቋት። አንብቡትና ስለ ሮዝም ስለ ዲሚትሪም አብራችሁ አውሩ።