ስለ መክሸፍ (አትፍሩ፣ ፖለቲካ አይደለም)

ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በ2005 ዓ.ም. «መክሸፍ እንደ ኢትዮጵያ ታሪክ» የሚለውን መጽሐፍ ካወጡ ወዲህ ይቺ ቃል የፖለቲካ ሆና ቀርታለች። ዕቅድ ከሸፈ፣ ድርድር ከሸፈ፣ መፈንቅለ መንግሥት ከሸፈ እንላለን። ጠመንጃ ባለበት ቤት ያደገ ሰው ግን ቃሉን ሲሰማ መጀመሪያ የሚታወሰው ሌላ ነው። ቃታ ይሳባል፣ «ቀጭ!» ይላል፣ ከዚያ ዝም። ጥይቱ ከሸፈ። እኔም ዛሬ የምጽፈው ስለዚያኛው መክሸፍ ነው።

አብዛኞቻችሁ የምታውቁኝ በጠመኔ ነው። አሜሪካ ከመጣሁ ወዲህ ግን ጋራዤ ውስጥ የራሴን የጠመንጃ ጥይት እሞላለሁ። እዚህ ለግል አገልግሎት ሕጋዊ ነው፤ አዳኞችና ኢላማ ተኳሾች ከጥንት ጀምሮ ይሠሩታል። ባለቤቴ ጋራዡን «የወርቅ ሠሪው ሱቅ» ትለዋለች። አልተሳሳተችም። ሚዛን አለ፣ መለኪያ አለ፣ መነጽር አለ፣ ያጎነበሰ ሽማግሌም አለ።

ነገሩን ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። አንድ ጥይት አራት ነገር ነው፦ ቀለህ፣ ባሩድ፣ እርሳስና ፕራይመር። ፕራይመር ማለት ቀለሁ ቂጥ ላይ የምትታየው የምስር ፍሬ የምታህል ክብ ነገር ናት። ውስጧ ትንሽ የሚቀጣጠል ቅመም አለ፤ ከቅመሙ በላይ ደግሞ እንደ ትንሽ ሰንደል የምታገለግል ብረት አለች። የጠመንጃው መርፌ ከኋላ ሲመታት ቅመሙ በመርፌውና በሰንደሏ መካከል ይጨፈለቃል፣ እሳት ይፈጥራል፣ እሳቱ በቀዳዳ ገብቶ ባሩዱን ያነሳዋል። ቀለሁን ሰብስበን ደግመን እንጠቀምበታለን። እርሳስ የሚያቀልጥም አለ። ፕራይመር ግን የግድ ተገዝታ ነው የምትመጣው። አራቱም ተሟልተው እሷ እምቢ ካለች በእጅህ የያዝከው ብረት የተገጠመበት ዱላ ነው።

ታሪኳም ደስ ይላል። በምት የሚነሳ እሳትን ለጠመንጃ ያዋለው አሌክሳንደር ፎርሳይዝ የሚባል የስኮትላንድ ቄስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1807 የባለቤትነት መብት አገኘበት። በ1866 ደግሞ ሁለት ሰዎች በየፊናቸው ዛሬ የምናውቃቸውን ሁለት ዓይነት ፕራይመሮች አወጡ፤ አሜሪካዊው በርዳንና እንግሊዛዊው ቦክሰር። የሚያስቀው ምን መሰላችሁ? የአሜሪካዊውን አውሮፓ ወሰደው፣ የእንግሊዛዊውን አሜሪካ ወሰደው። የቦክሰሩ ቀዳዳ አንድ ብቻ ሆኖ መሃል ላይ ስላለ አሮጌውን ፕራይመር በቀላሉ ገፍቶ ማውጣት ይቻላል። አሜሪካ ውስጥ ጥይት መሙላት የጋራዥ ሥራ ሊሆን የቻለበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

እኛስ? በአንድ ዘመን አገራችን ውስጥ የውጅግራ ጥይት እንደ ገንዘብ ይገበያዩበት ነበር። ውጅግራ የ1874ቱ የፈረንሳዮች ግራ ጠመንጃ ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። ማርትሬዛ ብር ሲሰጡህ ድንጋይ ላይ ጣል አድርገህ ድምፁን መስማት ትችላለህ። ጥይትን ግን እንዴት ትፈትነዋለህ? ደህና መሆኑን የምታውቀው ስትተኩሰው ነው፤ ከተኮስከው ደግሞ የለም። ደህናውንና ከሻፊውን ጎን ለጎን ብታስቀምጣቸው በዓይን አትለያቸውም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። እ.ኤ.አ. በ2021 እዚህ አገር የጥይትና የፕራይመር ድርቅ ነበር። መደርደሪያው ባዶ፣ የተገኘውም ዋጋው እሳት። ያኔ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። አላስካ ውስጥ ከከተማ ርቆ በሚገኝ ካምፕ ምግብ አብሳይ ነው። ድብ የሚዞርበት ቦታ ስለሆነ ጠመንጃ ገዝቷል፣ ጥይት ግን አጣ።

«ቲቸር፣ እርስዎ ይሠራሉ ሲሉ ሰማሁ። ስመጣ የምወስደው 40 ፍሬ ይሥሩልኝ፣ እከፍላለሁ።»

«አይሆንም ልጄ» አልኩት።

ቅር አለው። እውነቱን ነው፤ ድፍን አገር ጥይት ሲያጣ፣ መምህሩ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጦ እየሞላ «አይሆንም» ሲል ምን ይባላል? መጀመሪያ የሕጉን ነገር ነገርኩት፤ ለሽያጭ ጥይት መሥራት የፌዴራል ፈቃድ ይጠይቃል። «እሺ፣ በነፃ ይስጡኛ!» አለ። ከዚያ በኋላ ሂሳቡን ማስረዳት ግድ ሆነ። እናንተም ደብተር አውጡ።

ከ100 ጥይት አንዱ የሚከሽፍ ነው እንበል። 100 ብትተኩስ ቢያንስ አንድ የመክሸፉ ዕድል ስንት ነው? ክፍል ውስጥ ብጠይቅ ግማሹ «100 ፐርሰንት» ይለኝ ነበር። አይደለም። 0.99ን 100 ጊዜ በራሱ አባዝታችሁ ከ1 ቀንሱት፤ 63 ፐርሰንት ገደማ ይመጣል። ይኸ ማለት 100 ተኩሰህ አንድም ሳይከሽፍ የምትወጣበት ዕድል 37 ፐርሰንት ያህል ነው። እንግዲህ ከ100 አንዱ መጥፎ የሆነ ጥይት ይዘህ ቀኑን ሙሉ ተኩሰህ «የኔ ጥይት ከሽፎ አያውቅም» እያልክ ወደ ቤትህ ልትገባ ትችላለህ።

አሁን ገልብጡት። 100 ተኩሼ አንድም አልከሸፈም። ምን አወቅኩ? በ95 ፐርሰንት እርግጠኝነት መናገር የምችለው የመክሸፉ መጠን ከ3 ፐርሰንት በታች መሆኑን ብቻ ነው። 3ን ለሙከራው ብዛት ማካፈል ነው፣ ቀላል ደንብ ነው። «ከ1000 አንድ እንኳ አይከሽፍም» ለማለት ወደ 3000 ገደማ ያለ አንዳች እንከን መተኮስ አለብኝ። በዚያ ድርቅ 3000 ፕራይመር ከየት ይመጣል? ፋብሪካ ግን ይችላል። በአንድ ጊዜ እጅግ ብዙ ያመርታል፣ ከምርቱ ናሙና ወስዶ ይተኩሳል፣ ለቀሪው የሎት ቁጥር ይሰጣል። እኔ 40 ፍሬ ብሠራና ለመፈተን 40ውን ብተኩስ፣ የምሰጠው ባዶ ቀለህ ነው።

«ግን ቲቸር፣ እርስዎ እኮ ጠንቃቃ ነዎት!» አለኝ። ጥንቃቄ የት እንደሚረዳና የት እንደማይረዳ ለማወቅ የከሸፈ ጥይት ማንበብ ያስፈልጋል። አዎ፣ ይነበባል። ፕራይመሯ ላይ መርፌው የተወውን ጉድጓድ ተመልከቱ።

ጉድጓዱ ጥልቅና ደህና ሆኖ ካልተኮሰ፣ ጥርጣሬው ወደ ፕራይመሯ ይሄዳል። ቅመሙ ተበላሽቷል፣ ወይም ሰንደሏ የለችም።

ጉድጓዱ ጭረት የምታህል ከሆነ ጠመንጃውን ጠርጥሩ። የመርፌው ሞላ ደክሟል፣ ወይም ቅባቱ በብርድ ረግቶ መርፌውን ይዞታል (አላስካ!)። ወይም ቀለሁ ሲስተካከል ትከሻው ከልክ በላይ ወደ ኋላ ተገፍቷል፤ ያኔ ጥይቱ ሲመታ ወደ ፊት ይሸሻል፣ ምቱም ይላላል።

በመጀመሪያው ምት እምቢ ብሎ በሁለተኛው ከተኮሰ ደግሞ፣ ፕራይመሯ ጉድጓዷ ውስጥ እስከ ታች አልተቀመጠችም። የመጀመሪያው ምት ጉልበቱን የጨረሰው እሷን ወደ ቦታዋ በመግፋት ነው። ይኸ የጋራዥ ሠራተኛ እጅ ነው። በተኩስ ሜዳ የማውቃቸው አንድ አዛውንት ለወራት ፋብሪካውን ሲረግሙ ነበር። አንድ ቀን የከሸፉትን ሰብስበን አየናቸው፣ ደግመን ስንሞክራቸው ሁሉም ተኮሱ። የፕራይመር ጉድጓዶቹ በአሮጌ ጥላሸት ተሞልተው ነበር። ፋብሪካው ምንም አላጠፋም።

ከቀለሁ በላይ ብቅ ብላ የቀረች ፕራይመር ሌላም መዘዝ አላት። መርፌያቸው ልቅ በሆነ ራስ አጉራሽ ጠመንጃዎች ላይ ቃታ ሳይነካ ገና ሲዘጋ ሊተኩስ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዷን በጣት ዳብሰህ ከጠርዙ ትንሽ ዝቅ ማለቷን ታረጋግጣለህ። 20ኛዋ ላይ ጣት ንቁ ነው። 300ኛዋ ላይ ሲደርስ ሐሳብ ሌላ ቦታ ነው።

ለልጁ መጨረሻ የነገርኩት ግን ይኸን ነበር። በተኩስ ሜዳ ጥይት ሲከሽፍ ደንቡ ግልጽ ነው፦ አፈሙዙን ከኢላማው ሳታነሳ ቢያንስ 30 ሰከንድ ትጠብቃለህ፣ አትከፍትም። ምክንያቱም አንዳንዱ ከሸፈ የተባለ ጥይት ዘግይቶ ይተኩሳል። ከፍተኸው በእጅህ ላይ ሳለ ቢነሳ ቀለሁ ይበጣጠሳል። ድምፁ «ፍስስ» ካለ ደግሞ ጭራሽ ታቆማለህ፤ እርሳሱ ቱቦው ውስጥ ተሰንቅሮ ሊሆን ይችላል፣ የሚቀጥለው ተኩስ ጠመንጃውን ይሰነጥቀዋል። ጥሩ። አሁን ድቡ 20 ሜትር ላይ ነው። 30 ሰከንድ ትጠብቃለህ? አትጠብቅም፤ አውጥተህ ሌላ ታጎርሳለህ። ሜዳ ላይ የሚያድንህን ደንብ እዚያ ትጥሰዋለህ፣ ምርጫ የለህምና። ደንቡን ማክበር በማትችልበት ቦታ የምትይዘው ጥይት የኔ የጋራዥ ጥይት መሆን የለበትም። እኔ ለኢላማዬ በራሴ ጥይት እተኩሳለሁ፣ ቢከሽፍ የማጣው ነጥብ ነው። አንተ የምታጣው ሌላ ነው።

ዝም አለ። ከዚያ «እሺ፣ ምን ላድርግ?» አለኝ። ውድም ቢሆን ሎታቸው አንድ ዓይነት የሆነ ሁለት ፓኬት የፋብሪካ ጥይት ግዛ። የተወሰነውን በዚያው ጠመንጃ፣ በዚያው ብርድ ተኩሰህ ሞክር። ወፍራሙን ቅባት ከመርፌው ላይ አጽዳ። የቀረውን እርጥበት በማይደርስበት አስቀምጥ አልኩት። አደረገው። ሙከራው ላይ ሁለት ጊዜ ጭረት የምታህል ጉድጓድ አይቶ ደወለልኝ። ጥይቱ ደህና ነበር። ሲጸዳ ከመርፌው ሞላ ላይ የወጣው ቅባት እንደ ሰም የረጋ ነበር። የኔን 40 ጥይት ይዞ ሄዶ ቢሆን ኖሮ ሁለታችንም የኔን እጅ እንወቅስ ነበር፣ ቅባቱም እዚያው ይቀር ነበር።

አገር ቤት ላላችሁ አንድ አደራ። ይህን አንብባችሁ የከሸፈ ወይም የወደቀ ጥይት አንስታችሁ ለመፍታት እንዳትሞክሩ። ከሸፈ ማለት ሞተ ማለት አይደለም። ልጆች ሜዳ ላይ ያገኙትን ጥይት በድንጋይ ሲቀጠቅጡ ካያችሁ አስጥሏቸውና ለሚመለከተው አካል ንገሩ። ያቺ የምስር ፍሬ የምታህል ነገር የምትጠብቀው አንድ ምት ብቻ ነው።

የቀድሞ ተማሪዎቼ ደግሞ የቤት ሥራ አለባችሁ። ያ «3» ከየት መጣ? ፍንጭ፦ 0.05 እና ሎጋሪዝም። መልሱን ከታች ጻፉልኝ፣ እርማት አለ። ኩረጃ አይቻልም!

ሰላም ሁኑ።