የጨዋታ ዋጋ

ቋንቋችን ውስጥ ከማደንቃቸው ቃላት አንዱ “ጨዋታ” ነው። ሕፃናት አቧራ ላይ ሲሯሯጡ ጨዋታ ነው፤ ሽማግሎች ረከቦት ዙሪያ ተቀምጠው ያለፈ ዘመን ሲያነሡና ሲጥሉም ጨዋታ ነው። እንግዳ ሲመጣ “ተጫወት” ይባላል እንጂ “ተናገር” አይባልም። አንደበቱ የተሳሰረ ሰው ሲያጋጥመን ደግሞ “ምነው፣ ጨዋታ ጠፋ?” እንለዋለን። ወግንና መጫወቻን በአንድ ስም የጠራ ሕዝብ፣ ሁለቱ ከአንድ ጉድጓድ እንደሚቀዱ ሳይገባው አልቀረም።

ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለ አንድ የጨዋታ ኮምፒውተር ነው። ነገሩ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ባዕድ መስሎ ቢታይ አይፈረድም። ነገር ግን ቁንዝላ ላይ፣ በጣና ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በአነስተኛ በጀት የጨዋታ ኮምፒውተር መገጣጠም ምን ያህል የሕይወት ጥያቄዎችን ጎትቶ እንደሚመጣ ብነግራችሁ ትታገሡኛላችሁ ብዬ አምናለሁ።

ታናሽ ወንድሜ የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና የወሰደው በ2016 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በመላ አገሪቱ ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። እርሱ ከእነርሱ ውስጥ አልነበረም። ውጤቱን ካየ በኋላ አላለቀሰም፤ አልተቆጣምም። ዝም አለ። ዓመት ሙሉ ዝም አለ። ለሁለተኛ ጊዜ ለመፈተን አልፈለገም። ማታ ማታ ከሐይቁ ዳር ተቀምጦ ጨለማው ውኃውን ሲውጠው እያየ ያመሻል። አንድ ሰሞን ግን ለጓደኞቹ ስለ መተማ መንገድ ጥያቄ ማብዛቱን ሰማሁ። መተማን ተሻግሮ ያለችው ሱዳን ከ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ጀምሮ በጦርነት የምትነድ አገር ናት። እናቴ ይህን ስትሰማ ጾም የሌለበትን ቀን ሁሉ መጾም ጀመረች።

በ2018 ዓ.ም. ጥቅምት አንድ ማታ፣ እራት ላይ፣ ሳይታሰብ አፉን ፈታ። “ጋሼ፣ 75 ዋት ማለት የስንት አምፖል ያህል ነው?”

የጥያቄውን ምክንያት ለማወቅ ጊዜ አልወሰደብኝም። የኮምፒውተር ግራፊክስ ካርድ ያለ ተጨማሪ ገመድ፣ ከተሰካበት ማዘርቦርድ ብቻ ሊያገኝ የሚችለው ከፍተኛው ኃይል 75 ዋት ነው። ወንድሜ ባሕር ዳር ከሚኖር የትምህርት ቤት ጓደኛው ጋር ሆኖ ለወራት በስልኩ ሲያጠና የከረመው ይህን ነበር። ያን ማታ እስከ ሌሊቱ አምስት ሰዓት ተጫወትን። ዓመት ሙሉ ካወራን ቃል ይልቅ በዚያች ምሽት ያወራነው ይበልጣል።

ዕቁብ ደርሶኝ ስለነበር በእጄ አርባ ሺህ ብር ነበረ። እናቴ በዚያ ገንዘብ ጊደር እንድንገዛ አስባለች። ሐሳባችንን ስነግራት ረጅም ጊዜ አየችኝና “ልጄ፣ ለጨዋታ አርባ ሺህ ብር?” አለችኝ። ጥያቄዋ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ጊደር ትወልዳለች፤ ኮምፒውተር አይወልድም። የባንክ ሠራተኛ ሆኜ ስመዝነው በማናቸውም የብድር ማመልከቻ ላይ እናቴ ትረታለች። እኔ የመለስኩላት ግን ከባንክ ቤት የተማርኩትን አልነበረም። “እማዬ፣ ልጅሽ ማውራት ጀምሯል” አልኳት። ከዚያ በኋላ ስለ ጊደሯ አላነሣችም።

አሁን ወደ ዕቃው ልግባ።

በመጀመሪያ፣ ከምንፈልገው ነገር ውስጥ አንድም አገራችን ውስጥ የሚሠራ የለም። ሁሉም በዶላር ተገዝቶ የሚገባ ነው። ጠዋት ጠዋት የምንዛሪ ሰሌዳ ማየት የሥራ ልማዴ ስለሆነ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. አይረሳኝም። ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ባደረገበት በዚያ ዕለት፣ 57 ብር ተኩል ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ74 ብር በላይ ሆኖ ዋለ፤ ነሐሴ ሳይወጣ ደግሞ ከ100 ብር ተሻገረ። በእኛ አቅም አዲስ ኮምፒውተር የሚባል ነገር በዚያን ጊዜ ከደጃችን ርቆ ሄደ። የቀረልን አሮጌው ነው።

አሮጌው ደግሞ የራሱ ወቅት አለው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ ያቆመው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጥቅምት 14 ቀን 2025 ነው። ተተኪው ዊንዶውስ 11 በጥቅሉ ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ አይቀበልም። ስለዚህ ሀብታም አገሮች ያሉ መሥሪያ ቤቶች ገና ብዙ ሊያገለግሉ የሚችሉ ኮምፒውተሮችን ያስወግዳሉ። ለእነርሱ ያረጀው ለእኛ ገና ሙሽራ ነው።

ወንድሜ የመረጠው ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 የተባለውን የቢሮ ኮምፒውተር ነው፤ ፕሮሰሰሩ አራተኛ ትውልድ ኮር አይ ፋይቭ፣ አራት ኮር ያለው፣ ራሙ 8 ጂቢ። ይህ ሞዴል በትንሽ ኬዝም በቋሚ ኬዝም ይመጣል። ትንሹ ርካሽና ለዓይን የሚስብ ነው፤ ነገር ግን ቁመቱ ያጠረ ግራፊክስ ካርድ ካልሆነ አያስገባም፤ እንዲህ ያለው ካርድ ደግሞ ገበያ ላይ ብርቅ ነው። ስለዚህ ቋሚውን ያዝን። ራሙም አንድ ባለ 8 ከሚሆን ሁለት ባለ 4 ቢሆን ይሻላል፤ ፕሮሰሰሩ በሁለት መስመር በአንድ ጊዜ መቅዳት ይችላልና። የራም አሮጌነት ደግሞ በዚያ ሰሞን በረከት ሆነልን። ዓለም ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ሲሽቀዳደም በ2025 መጨረሻ የአዳዲስ ራሞች ዋጋ ሰማይ ነካ፤ የእኛ ዲዲአር3 ግን ማንም የማይሻማው ነበርና ከኮምፒውተሩ ጋር እንዳለ መጣልን።

ክርክራችን የጦፈው በግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው። ወንድሜ ልቡ ያረፈው በአርኤክስ 580 ላይ ነበር። ይህ ካርድ በ2017 የወጣ፣ 8 ጂቢ የራሱ ማስታወሻ ያለው ጉልበተኛ ነው። ርካሽ የሆነበትም ምክንያት አለው። ካርዶቹን ገዝተው ሌት ተቀን ኢቴሪየም የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ ሲያስቆፍሩ የነበሩ ሰዎች፣ መስከረም 2022 ላይ የኢቴሪየም አሠራር ሲቀየር ሥራ ፈቱና ካርዶቻቸውን ለገበያ አፈሰሱ። እኔ ደግሞ ያቀረብኩት ጂቲኤክስ 1050 ቲአይን ነው፤ በ2016 የወጣ፣ 4 ጂቢ ያለው፣ በጉልበት ከዚያኛው በእጅጉ የሚያንስ።

“ጋሼ፣ በዚያው ገንዘብ እጥፍ ጉልበት እያለ ለምን ደካማውን እንገዛለን?” አለኝ።

ቀለም ከመቁጠራችን በፊት ሁለታችንም ሞፈር ጨብጠን ያደግን ነንና በዚያው ቋንቋ መለስኩለት። ኃይለኛ በሬና ልምሾ በሬ በአንድ ቀንበር ብትጠምድ እርሻው የሚሄደው በልምሾው እርምጃ ነው፤ ትርፉ የኃይለኛው አንገት መላጥ ብቻ ነው። በ2013 የተሠራ ፕሮሰሰር እጅግ ፈጣን ካርድ ቢጠመድለት ካርዱ ቆሞ ይጠብቀዋል። ይህ ግን ትንሹ ምክንያት ነው። ዋናው ኃይሉ ነው። የመረጥነው ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ 290 ዋት ነው። ፕሮሰሰሩ ሲጨነቅ 84 ዋት ይስባል። አርኤክስ 580 ብቻውን 185 ዋት ይፈልጋል። ድምሩ 269። ዲስኩ፣ ራሙ፣ ማቀዝቀዣው ገና አልተቆጠሩም። ለካርዱ የሚሆን ተጨማሪ የኃይል ገመድም የለውም። ፓወር ሰፕላዩን እንቀይር ብንል የዚያ ኮምፒውተር ማዘርቦርድ ማገናኛው ከመደበኛው ባለ 24 ፒን የተለየ ነው፤ አስማሚ መፈለግ ሊኖርብን ነው። 1050 ቲአይ ግን 75 ዋት ብቻ ይበቃዋል። 84 እና 75 ሲደመር 159። ከሚችለው በላይ የተጫነ ታንኳ የሚሰጥመው ዳር ላይ ሳይሆን መሐል ሐይቅ ሲደርስ ነው። ወንድሜ ቁጥሮቹን ራሱ በወረቀት ደምሮ፣ ደግሞ ቀንሶ፣ በመጨረሻ እርሳሱን አስቀመጠ። “ይሁን” አለ። የተሸነፈ ሰው “ይሁን” አልነበረም፤ የገባው ሰው “ይሁን” ነበር።

ስለ ኃይል ካነሣሁ አንድ የሚገርመኝን ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ውኃውን የሚወስደው ከዚሁ ከቁንዝላ አቅራቢያ ነው። ከሐይቁ የተቀዳው ውኃ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ዋሻ የተራራውን ሆድ አቋርጦ ወደ በለስ ይወርድና አራት ተርባይኖችን ያሽከረክራል። በ2002 ዓ.ም. ግንቦት የተመረቀው ይህ ጣቢያ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ያን ሁሉ ኃይል የሸኘች ከተማ ውስጥ መብራት ሲሄድ ሻማ የሚፈልግ እጅ የእኔም እጅ ነው። ስለዚህ ከበጀታችን ጥቂቱን ለስታቢላይዘር አዋልነው። ኃይሉ ሲዋዥቅ ቀድሞ የሚሞተው ርካሹ ዕቃ አይደለም።

አየሩም ሒሳብ ውስጥ ይገባል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ዕቃው ከመርከብ ከወረደበት ከጅቡቲ ወደብ አየር ጋር ሲነጻጸር የእኛው አየር አምስት አንድ እጅ ያህል ሳስቷል። ኮምፒውተርን የሚያቀዘቅዘው ደግሞ ያው አየር ነው። የሳሳ አየር የሚሸከመው ሙቀት ያነሰ ስለሆነ ማራገቢያው የበለጠ መድከም አለበት። ሙቀት የማያበዛ ካርድ መምረጣችን በዚህም ጠቀመን። የደረቀውን የፕሮሰሰር የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባትም ጠርገን አዲስ ቀባነው።

ዕቃውን ለመግዛት በዱርቤቴ በኩል አድርገን ባሕር ዳር ገባን። ወንድሜ ሱቅ ውስጥ ሲናገር ቆሜ ሰማሁት። ካርዱ ሳይሞከር እንደማይገዛ፣ ግማሽ ሰዓት ሥራ ላይ ውሎ ሙቀቱን ማየት እንደሚፈልግ፣ የማራገቢያውን ድምፅ ማዳመጥ እንዳለበት ለነጋዴው በትሕትና ነገረው። ነጋዴው በዕድሜ የአባታችን እኩያ ናቸው። ፈገግ ብለው “ይኼ ልጅ የት ተማረ?” አሉኝ። ወንድሜ አቀረቀረ። እኔም “ቤት ውስጥ” ብዬ መለስኩ። ሌላ መልስ አልነበረኝም።

ስክሪን አልገዛንም። ካርዱ ኤችዲኤምአይ ስላለው የቤታችን ቴሌቪዥን ይበቃናል ብለን ነበር። በቴሌቪዥኑ ላይ ሌላ ባለ መብት መኖሯ የታወቀን ኋላ ነው። እናቴ የማታ ድራማዋን ለማንም አትሰጥም። በሽማግሌ የሚፈታ ጠብ ሊሆን ከደረሰ በኋላ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት የእርሷ፣ ከዚያ በኋላ የልጆቹ እንዲሆን ስምምነት ተደርጓል።

ጨዋታዎቹ ከባሕር ዳር በሃርድ ዲስክ ተጭነው የመጡ ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ የቆየበትን ጊዜ ያየ ሰው፣ ያለ መስመር የማይሠራ ጨዋታ አይገዛም። በ2013 የወጣው አምስተኛው ጂቲኤ በመካከለኛ ጥራት ያለ መንቀጥቀጥ ይሄዳል። የሰፈሩ ልጆች ለኳስ ጨዋታ ይመጣሉ፤ እናቴም ቆሎ ታቀርባለች።

ብሔራዊ ፈተናው በ2016 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር ተሰጥቷል። ይህን ለወንድሜ አንሥቼ የማውዝ አያያዙን አመሰገንኩለት። ሳቀ እንጂ አልመለሰልኝም። ይመዝገብ፣ አይመዝገብ አላውቅም። የመተማን መንገድ ከልቡ ያውጣው፣ አያውጣው አልጠየቅሁትም። ማታ ማታ ግን ሐይቁ ዳር አያመሽም።

ከሐይቁ ተቀድቶ፣ ተራራውን አልፎ፣
ውኃ ብርሃን ሆኖ፣ ቤታችን ላይ አርፎ፤
ተጫወት ወንድሜ፣ ሌት እስኪነጋጋ፣
ጨዋታ ያለው ቤት፣ አለው አንዳች ዋጋ።
የከረመ ዝምታ፣ በቃል ተገፈፈ፤
መንገዱ ግን አለ፣ ልቤም አላረፈ።