ድምፅና ቃል

ሰው ለቤቱ ዕቃ ሊገዛ በተነሣ ጊዜ ሁለት ዳኞች ይሰየሙለታል፤ አንደኛው ዓይኑ ነው፣ ሁለተኛው ኪሱ ነው። የሚገዛው የድምፅ መሣሪያ ሲሆን ግን ሦስተኛ ዳኛ ያስፈልጋል፤ እርሱም ጆሮ ነው። የሚያስገርመው ነገር፣ ከሦስቱ ዳኞች መካከል ሳይጠየቅ የሚቀረው ብዙውን ጊዜ ይኸው ጆሮ መሆኑ ነው። እኔም ባለፈው ክረምት ከዚሁ ስሕተት ላይ ልወድቅ ጥቂት ቀርቶኝ ነበርና፣ ምናልባት ለሌላው ይጠቅም እንደ ሆነ ታሪኩን ለአንባቢያን አቀርባለሁ።

የተወለድሁት በዋግ ኽምራ፣ በደሃና ወረዳ ነው። እናቴ ዛሬም ከአምደወርቅ ከተማ ዳር፣ ግድግዳው በደንጊያ፣ ጣራው በቆርቆሮ በተሠራ ቤት ትኖራለች። በቤታችን ሁለት ቋንቋዎች ይነገሩ ነበር፤ ከአባቴ ጋር በአማርኛ፣ ከእናቴ ጋር በኽምጣኛ እንጫወታለን። ሬዲዮ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ከአቃቂ ጣቢያ አስቀድሞ መሰማት ጀምሯል፤ ቴሌቪዥንም ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራውን ጀምሯል። ለእኛ ሰፈር ግን አባቴ አንዲት ትንሽ ሬዲዮ ይዞ የመጣበት ቀን እንደ ሠርግ ቀን ነበር። የባትሪው ድንጋይ በደከመ ጊዜ አባቴ እንደ ብቅል ፀሐይ ላይ ያሰጣው ነበር፤ ድንጋዩም ጥቂት ነፍስ ዘርቶ ለማታው ዜና ይደርስልን ነበር።

ከዓመታት በኋላ የአማራ ሬዲዮ በኽምጣኛ ማሰራጨት በጀመረ ጊዜ፣ የእናቴ ደስታ ወሰን አልነበረውም። ተናጋሪው ለአድማጮቹ ሰላምታ ሲያቀርብ፣ እርሷ በእጅዋ የያዘችውን እንዝርት አስቀምጣ በትሕትና ትመልስለት ነበር። እኛ ልጆቿ በሳቅ ስንፈነዳ፣ «ሰላም ያለህን ሰው ዝም ብለህ ታልፋለህ እንዴ?» ብላ ትገሥጸን ነበር።

ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን እናቴ ሰላምታውን መመለስ ተወች። ሬዲዮኑን ትከፍታለች፤ አጠገቡም ትቀመጣለች፤ ነገር ግን ፊቷ ዝም ይላል። እኔ በሰቆጣ የማስተምር ሰው ስለ ሆንሁ፣ ወደ ቤት የምመለሰው አልፎ አልፎ ነውና፣ ምክንያቱ የመሣሪያው ማርጀት መሰለኝ። ስለዚህ ከደመወዜ ያጠራቀምሁትን 22 ሺህ ብር ይዤ፣ ሆም ቴአትር የሚባለውን የድምፅ መሣሪያ ልገዛላት ቆረጥሁ።

በሱቁ ያየሁት ዕቃ በእውነት ልብ የሚሰርቅ ነበር። አምስት ስፒከሮችና አንድ ትልቅ የወፍራም ድምፅ ሳጥን፣ ሰማያዊ መብራት እያበሩ ተደርድረዋል። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው የዋት ቍጥር ደግሞ ለአንድ ቤት ሳይሆን ለአንድ ቀበሌ የሚበቃ ይመስላል። ዋጋውም ካለኝ ገንዘብ ጋር እኩል ነበር። ዓይኔ ፈረደ፤ ኪሴም ተስማማ።

እንደ ዕድል ሆኖ፣ ያን የመሰለ መሣሪያ የገዛ አንድ ጓደኛ በአምደወርቅ ነበረኝ። በበዓል ቀን እናቴን ይዤ እቤቱ ሄድሁ። ድራማው ተከፈተ፤ ቤቱ ተንቀጠቀጠ፤ በመደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርሳቸው መነጋገር ጀመሩ። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ጆሮዋ አስጠግታ ጥቂት ከቆየች በኋላ፣ ባለቤቱን እንዳታስቀይም ቀስ ብላ ወጣች። ተከትያት ወጥቼ፣ «አልሰማ አለሽ እንዴ?» ብዬ ብጠይቃት፣ «ድምፁስ ይሰማኛል ልጄ፤ የጠፋኝ ቃሉ ነው» አለችኝ።

ይህ ቃሏ እንቅልፍ ነሣኝ። ወደ ሰቆጣ ስመለስ፣ ሬዲዮ በመጠገን ብዙ ዘመን ያሳለፉ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሄጄ ነገሩን አጫወትኋቸው። እርሳቸውም የያዙትን የብየዳ ብረት አስቀምጠው፣ «መምህር፣ መሣሪያ ከመግዛትዎ በፊት የእናትዎን ጆሮ ያስመርምሩ» አሉኝ። ቀጥለውም ያስረዱኝ ነገር ከብዙ መጽሐፍ የሚበልጥ ነበር።

ሰው ሲያረጅ አስቀድሞ የሚለየው ቀጭኑ ድምፅ ነው። አናባቢዎች በወፍራሙ በኩል ስለሚገኙ ይሰማሉ፤ እነ «ሰ»፣ እነ «ሸ»፣ እነ «ፈ» ግን በቀጭኑ በኩል ያሉ ናቸውና ይጠፋሉ። ስለዚህ አረጋዊው ሰው መነገሩን ይሰማል፤ የተነገረውን ግን አይለይም። በዚህ ላይ ወፍራሙ ድምፅ ሲበረታ፣ ጎርፍ ጠጠርን እንደሚሸፍን ቀጭኑን ይሸፍነዋል። ለካ እኔ ለእናቴ ልገዛላት የነበረው ያንኑ ጎርፍ ኖሯል!

ስለ ዋቱም ጠየቅኋቸው። በካርቶን ላይ የሚጻፈው ትልቅ ቍጥር አብዛኛውን ጊዜ መሣሪያው ለቅጽበት ብቻ የሚያወጣው ኀይል ነው፤ መጠየቅ የሚገባው ግን ያለማቋረጥ የሚችለውን ነው። ደግሞም ኀይሉ እጥፍ ቢሆን ድምፁ እጥፍ አይሆንም፤ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ኀይሉ ወደ 10 እጥፍ መድረስ አለበት። ከዚህ ይልቅ ስፒከሩን ወደ አድማጩ ማቅረብ ያለ ገንዘብ ይጠቅማል፤ በገላጣ ሥፍራ ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ 6 ዴሲቤል ያህል ይጨምራልና።

ስፒከሮቹ አምስት መሆናቸውም ለእኛ ቤት ትርጉም አልነበረውም። አምስቱ የሚጠቅሙት ለአምስት ተከፍሎ የተቀረጸ ፊልም ሲገኝ ነው፤ በዚያን ጊዜ የመካከለኛው ስፒከር ንግግሩን ይይዛል፤ የኋለኞቹ ሁለቱም የዙሪያውን ድምፅ ያሰማሉ። ሬዲዮናችን ግን ከሁለት ስፒከር በላይ የሚያሠራ ድምፅ አይሰጥም። የቀሩት ሦስቱ ደመወዝ እየበሉ የማይሠሩ ሠራተኞች ይሆኑብን ነበር ማለት ነው።

የሽማግሌውን ምክር ተቀብዬ እናቴን ወደ ሐኪም ወሰድኋት። ሐኪሙ በአንደኛው ጆሮዋ የተጠራቀመውን ኩክ ካወጣ በኋላ፣ የቀረው የዕድሜ ነው አለ፤ ለዚያም የሚረዳ በጆሮ የሚደረግ መሣሪያ መኖሩን፣ ዋጋው ግን ከአቅሜ በላይ መሆኑን ነገረኝ። በመንገድ ስንመለስ እናቴ፣ «በከንቱ ገንዘብህን አባከንህ» አለችኝ። እኔ ግን ካጠፋሁት ገንዘብ ሁሉ ያን ያህል የተባረከ አልነበረም ብዬ አምናለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሬዲዮኑን ስወቅስ፣ እናቴን አንድ ጊዜ እንኳ ጠይቄ አላውቅም ነበርና።

በመጨረሻ የገዛሁት ሁለት መካከለኛ የእንጨት ስፒከሮችንና አንዲት ትንሽ የድምፅ ማጉያ ነው። በአንድ ዋት ኀይል በአንድ ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል እንደሚያሰሙ ጠይቄ፣ የበለጠ የሚያሰሙትን መረጥሁ፤ ምክንያቱም በዚህ በኩል የ3 ዴሲቤል ብልጫ እጥፍ ኀይል ያለውን ማጉያ ከመግዛት ያድናል። መብራት እየሄደ ሲመለስ ዕቃውን እንዳያቃጥለው ስታቢላይዘር ጨመርሁ። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከ10 ሺህ ብር አላለፈም።

በቤታችንም ስፒከሮቹን በማዕዘን ሳይሆን ከግድግዳው ራቅ አድርጌ፣ በተቀመጠች ጊዜ በጆሮዋ ልክ፣ ከመቀመጫዋ አንድ ሜትር ተኩል ያህል አስጠግቼ አኖርኋቸው፤ ከማዕዘን የተጠጋ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ ያበዛልና። በባዶው የደንጊያ ግድግዳ ላይ የአባቴን አሮጌ በርኖስ ሰቀልሁት፤ ድምፁ እየነጠረ ተመልሶ ቃሉን እንዳያደበዝዘው ነው። በማጉያው ላይ ወፍራሙን ቀንሼ ቀጭኑን ጨመርሁ። ለእኔ ጆሮ ድምፁ የሰላላ መሰለኝ፤ ነገር ግን ዳኛው የእኔ ጆሮ አልነበረም።

ማታ የኽምጣኛው ዝግጅት ሰዓት ደረሰ። እናቴ እንዝርቷን ይዛ ተቀመጠች። እኔ የምሠራ መስዬ ወደ በሩ ዞር አልሁ፤ ባይሳካ ፊቷን ማየት ፈርቼ ነበር። ተናጋሪው ሰላምታውን አቀረበ። ጥቂት ዝምታ ሆነ። ከዚያም በስተኋላዬ እንዝርቷ መሬት ላይ ሲቀመጥ፣ እናቴም በቀድሞው ትሕትናዋ ለሰውየው ሰላምታውን ስትመልስለት ሰማሁ።

በዚያ ምሽት ሁሉም ቃል አልተሰማትም። ዝናም በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ደግሞ እኔም ራሴ አልሰማም። የጆሮዋን መሣሪያ ለመግዛት የቀረውን ገንዘብ መነሻ አድርጌ ማጠራቀም ጀምሬአለሁ፤ መቼ እንደሚሞላ አላውቅም። እስከዚያው ድረስ ግን፣ ለቤታቸው የድምፅ መሣሪያ ሊገዙ የሚነሡትን ሁሉ አንድ ነገር እለምናቸዋለሁ፤ ወደ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት፣ በቤታችሁ ዝም ብሎ የተቀመጠውን ሰው ምን እንደ ጠፋው ጠይቁት።