ለሰው አያሰጋም ብዬ ነበር

ለጥጥ አምራቾች ለዓመታት ያስተማርኩት ነገር ስህተት ነበር። «ይህ መድኃኒት የሚመታው የትልን ነርቭ ነው፤ የሰው ነርቭ ሌላ ስለሆነ እናንተን አይነካም» እል ነበር። መርምሬ የደረስኩበት አልነበረም። ከሌሎች ሰማሁት፤ ሥራዬን ስላቀለለልኝ የራሴ አደረግሁት።

መድኃኒቱ ኢንዶሰልፋን ነው፤ በገበያ ስሙ ቲዮዳን። ዛሬ የምኖረው ፍራንክፈርት፣ ኒድ ነው። የኒዳን ወንዝ ሲሻገሩ ያለው ሰፈር ሄክስት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ኢንዶሰልፋንን ለገበያ ያቀረበው ኩባንያ የተነሳው ከዚያ ነው። የነፍሳትን ነርቭ በወጉ የተማርኩትም እዚሁ ከመጣሁ በኋላ ነው።

አንዱ የነርቭ ሴል ለሌላው መልእክት የሚልከው በኬሚካል ነው። መልእክቱ ከደረሰ በኋላ ኬሚካሉ ከመካከል ካልተነሳ ነርቭ ማረፊያ ያጣል። ዶፓሚንን፣ ጋባንና ሌሎችንም የሚያነሱት በሴሉ ሽፋን ላይ ያሉ አጓጓዥ ፕሮቲኖች ናቸው። ከሴሉ ውጭ ያለው ሶዲየም ከውስጡ ስለሚበዛ ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ፕሮቲኑ በዚያ ግፊት መልእክተኛውን ኬሚካል አብሮ ያስገባል። መጀመሪያ ወደ ውጭ ይከፈታል፤ ሁለቱ ሲገቡለት በውጭ በኩል ይዘጋና ወደ ውስጥ ይከፈታል። በሁለቱም በኩል በአንድ ጊዜ አይከፈትም። ይህ አሠራር በዝንብም በሰውም አንድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ውስጥ የኤሪክ ጉዎ ቡድን የአንዲት ትንሽ ዝንብ የዶፓሚን አጓጓዥ ፕሮቲን ምን እንደሚመስል አሳየ። ዶፓሚን በሚቀመጥበት ቦታ ተሸጉጦ የታየው ኖርትሪፕቲሊን ነበር፤ ሐኪም ለድብርት ለሰው የሚያዝዘው መድኃኒት! ያንን ሳነብ ለገበሬዎቹ የተናገርኩት ሁሉ ፊቴ ላይ መጣብኝ።

ኢንዶሰልፋን አጓጓዡን አይነካም። የሚደፍነው ነርቭን የሚያረጋጋው ጋባ የሚሠራበትን የክሎራይድ መግቢያ ነው፤ ያኔ የሚያረጋጋ ይጠፋና ሰውነት ይንቀጠቀጣል። የትልም የሰውም።

አንድ ወጣት የርጭት ሠራተኛ ከማሳ ወጥቶ «ጋሼ፣ ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል፣ ያዞረኛል» ብሎኝ ነበር። የጀርባ መርጫው ያንጠባጥብ ነበር፤ ሸሚዙ ከትከሻው እስከ ወገቡ ርሶ ከቆዳው ተጣብቋል። ቆላ ነውና «ወባ ይሆናል፣ ሂድ ተኛ» አልኩት። ሌሊቱን እንደሚጥል በሽታ ሲያንፈራግጠው አደረ። እግዚአብሔር አተረፈው። ሲሻለው መርጫውን መልሼ ያሸከምኩት እኔ ነኝ።

አለማወቄ አንድ ጥፋት ነው። የባሰው ካወቅሁ በኋላ ዝም ማለቴ ነው። ኢንዶሰልፋን እ.ኤ.አ. በ2011 በስቶክሆልም ስምምነት እንዲወገድ ቀድሞ ተወስኖ ስለነበር፣ ነገሩ በራሱ ተዘጋልኝ ብዬ እፎይ አልኩ። ያሠለጠንኳቸው ልጆች ግን ያንኑ ቃሌን ስለ ሌላውም የተባይ መድኃኒት ይናገሩት ነበር። ለምሳሌ ማላታይን አሴቲልኮሊን የተባለውን መልእክተኛ የሚቆርጠውን ኢንዛይም ያሰናክላል፤ ኢንዛይሙ ደግሞ በእኛም ውስጥ አለ።

አሁን ለእያንዳንዳቸው እየደወልኩ ነው። የምላቸውም ይህን ነው፦ ያስተማርኳችሁ ትክክል አልነበረም። ረጪ ሲንቀጠቀጥ ካያችሁ ወባ ነው ብላችሁ አትለፉት። ልብሱን አውልቁለት፣ ገላውን በውኃና በሳሙና እጠቡት፣ የመድኃኒቱን ስም ጽፋችሁ ወዲያውኑ ጤና ጣቢያ አድርሱት።